በጎነት በየወሩ

ከመጋረጃው ወዲያ ጎረቤቲቱ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ ብላ አክስቱን ስትጠይቅ መምህሩ ነቅቷል፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። አክስቱ የለኝም አለቻት። የትምህርት ቤቱን የላሚኔሽን ማሽን ልወለውል ብዬ ሰክቼው ረሳሁት፣ ተቃጠለ፣ የተቀመጠበትንም ጠረጴዛ ይዞት ሄደ፣ ጥፋቴን አምኜ ፈረምኩ፣ ዛሬ ጋዎንሽንና ቁልፍሽን አስረክቢ ብለውኛል አለቻት። ይህን ሁሉ የተናገረችው የሰው ወሬ እንደምታወራ ያህል ነው፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ቃል አልጎደለባትም። ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠችና፣ አይዞሽ ከክፉ ነገር ያውጣሽ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ስኳር ልበደርሽ ነበር አለች። ስኳሩም ተሰጣት። መምህሩ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ። ማሽኑን የሰካው እሱ ነበር።

ትናንት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከአክስቱ ተቀብሎ ገባ። ዛሬ ለቦርዱ የሚቀርበው የሥነ ምግባር ሥርዓተ ትምህርት ዘጠኝ ካርዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ በጎነት በትልልቁ ተጽፏል። ካርዶቹ በላስቲክ ካልታሸጉ በልጆች እጅ አንድ ሳምንትም አይቆዩም ተብሎ ነበር። ስምንቱ በደኅና ወጡ። ዘጠነኛው፣ «ትዕግሥት» የተጻፈበት፣ ግማሹ ገብቶ ተቀረቀረ። ሲቀዘቅዝ አወጣዋለሁ ብሎ ጎን ካለው ባዶ ክፍል ገባና የሦስተኛውን ወር ምዕራፍ፣ ስለ እውነት የጻፈውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነብ ጀመር። ምዕራፉ ጣመው። ሰው የገዛ ጽሑፉ ሲጥመው ዓለም እንደሚጠፋው ሁሉ እሱንም ጠፋው፤ ሁለቴ አነበበና ወረቀቶቹን በብብቱ ሸጉጦ፣ ቁልፉን ኮሪደር ለምትወለውለው አክስቱ ሰጥቶ፣ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ። ማሽኑ እንደተሰካ ነበር። ጭሱን ያየችውም፣ የመወልወያ ባልዲዋን የደፋችበትም፣ ርዕሰ መምህሯ ሮጣ ስትደርስ «እኔ ነኝ» ያለችውም አክስቱ ናት። ማታ ቤት ገብታ ግን፣ ድካም እንዳለበት ሰው እግሯን ታጥባ ከመተኛቷ በቀር ምንም አላለችም።

ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ወዲህ የእሱ አልጋና በወረቀት የተከመረች ጠረጴዛ፣ ወዲያ የእሷ አልጋ፣ ምድጃውና ሁለት በርጩማ። አከራዩ ባለፈው ወር ኪራይ ሲጨምር፣ ክፍሉ እኮ ሁለት ነው ብሎ መጋረጃውን እንደ ግድግዳ ቆጥሮባቸዋል። አክስቱ ጋዎኑን ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በፌስታል ውስጥ እያስገባችው ነበር። ለሚመልሱት ጋዎን መተኮስ ምን ይሉታል ብሎ ሊጠይቃት አሰበና ተወው።

«ሰምቻለሁ» አላት።

«ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

«እሄድና እናገራለሁ።»

አክስቱ ፌስታሉን ቋጠረች። ሁለት ዓመት በጊዜያዊ ውል ያስተማረ መምህር ዛሬ ቦርዱ ሥራውን ከተቀበለለት ቋሚ ይሆናል፣ ካልተቀበለለት ደግሞ ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ይህን እሱ ከሚያውቀው በላይ እሷ ታውቀዋለች። መጥረጊያ የሚይዝ እጅ የማይፈልግ ደጅ የለም አለችው፤ አንተ ግን ዛሬ ከወደቅህ ማን ያነሣሃል፣ ሁለታችንም አንድ ቀን ከምንባረር አንዳችን ብንቀር አይሻልም ወይ አለችው።

«ዋሽተሽ እኮ ነው» አላት።

«ዋሸሁ። አንተ ደግሞ ስለ እውነት ጻፍ። ሥራ ተከፋፍለን ነው።»

ትምህርት ቤቱ በጎማ ጠጋኝና በመድኃኒት ቤት መካከል የተጣበቀ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር «አስቀድመን ልብን እናንጻለን» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚል አለ። የሥርዓተ ትምህርቱ ሐሳብ የተወለደው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የመዋኛ ገንዳ ከፈተና ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። ያን ጊዜ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ የጣውላ ነጋዴው፣ ገንዳ ሲሚንቶ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ዋና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሥነ ምግባር ግን ወረቀት እንጂ ሌላ አይፈልግም፣ ደግሞም ክርስቲያኖች ነን አሉ። ሥራው በመምህራኑ መካከል ሲዞር ሲዞር ከሦስተኛ ክፍሉ መምህር እጅ ላይ አረፈ፤ ብቻውን መቀመጥ የሚወድ፣ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ ደወል የሚያመልጠው፣ ሲሰጡት እንቢ ማለት የማያውቅ እሱ ስለ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዐሥርቱ ቃላት» እያለ ይጠራዋል። ዛሬም ከመምህራን ክፍል በር ላይ ሲያገኘው፣ ዐሥርቱ፣ ዘጠኝ ናቸው አሉ፣ አንዷን የት ጥለሃት ነው ብሎ ቀለደበት። የትምህርት ዘመኑ ዘጠኝ ወር ስለሆነ ነው ብሎ መለሰ፤ ሳይስቅ።

ለእያንዳንዱ ወር አንድ በጎነት ተመድቧል። መጀመሪያ ላይ መምህሩ ያሰበው ሌላ ነበር፤ ልጆች ታሪክ ሰምተው የሚከራከሩበት፣ ጥያቄው ያለ መልስ ወደ ቤት የሚሄድበት ነገር። ርዕሰ መምህሯ ግን የማይለካ ነገር ትምህርት አይባልም ብላ ሠንጠረዥ አስገባችበት። ስለዚህ ትዕግሥት የሚለካው በውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ ሳይጋፉ በቆሙበት ደቂቃ ሆነ፤ ልግስና በሳምንት ባዋሱት እርሳስ ብዛት። በትሕትና ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ሜዳይ ተሸልሞ ሳምንቱን ሙሉ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። መምህሩ እዚህ ላይ አፉ አልያዝ ብሎት፣ የትሕትና ሜዳይ ያደረገ ልጅ ትሑት ሆኖ ይቀራል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ጥቂት አስባ፣ ሜዳዩን ትንሽ እናደርገዋለን አለችው።

ከስብሰባው በፊት ሊነግራት ወደ ቢሮዋ ሄደ። በዕቃ ክፍሉ በኩል ሲያልፍ የተቃጠለው ላስቲክ ሽታ አፍንጫውን መታው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጠቁሯል፣ ወለሉ ግን ተወልውሎ ያበራል። አክስቱ ከተባረረች በኋላ ነው የወለወለችው ማለት ነው። ርዕሰ መምህሯ ብስኩቱን በሳህን እየደረደረች ነበር፤ ለቦርድ ክሬም ያለው፣ ለመምህራን ክሬም የሌለው። የማሽኑን ነገር ልነግርሽ ነበር ብሎ ገና ሲጀምር እጇን አነሣችና ከበስተኋላዋ ያለውን ካርድ አሳየችው። ለሙከራ የተሰቀለው የዚህ ወር በጎነት «አክብሮት» ነበር፤ ከሥሩ «ታላቅ ሲናገር አናቋርጥም» ይላል። ጽሑፉ የራሱ ነው። እሷ እየተናገረች አልነበረም፤ ግን ልትናገር ነበር። ስለ ማሽን ከስብሰባው በኋላ ይደርሳል፣ አሁን ከረባትህን አስተካክል አለችው።

ቦርዱ ሦስት ሰው ነው፦ ጣውላ ነጋዴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ፣ እና ከመጣ ጀምሮ ስልኩን የሚያይ አንድ ወላጅ። ርዕሰ መምህሯ በቦርዱ ፊት መምህሩን አንቱ ትለዋለች፤ ከበሩ ውጭ አንተ ነው። እሱም ቆሞ ወር በወር ያነብ ጀመር። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ተኝተዋል ሲሏቸው ጥያቄ ይወረውራሉ። የከነከናቸው «ሕያው ምሳሌ» የሚለው ዐምድ ነው። መምህሩ በአንደኛው ወር ጉንዳን፣ በሁለተኛው ንብ፣ በአምስተኛው እንደገና ጉንዳን፣ በሰባተኛው ንብና ጉንዳን አንድ ላይ ጽፏል። ልጄ፣ በጉንዳን ስንሰበክ አይደል ያደግነው አሉ ሰብሳቢው፤ ጉንዳኑን ተውልንና ሰው ስጠን፤ እዚሁ እኛ መሐል ያለ፣ የሚታወቅ፣ ልጆቹ በጣታቸው የሚያሳዩት ሰው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ወር ገለጡ። እውነት። በዐምዱ ውስጥ መስተዋት ተጽፏል። መስተዋት ደግሞ ሰው አይደለም አሉ።

መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከወር በፊት በዚያው ምዕራፍ፣ «ጥፋትህን ሌላ ሰው ሳይወቀስበት ተናገር» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሰው ተወቅሶበት አድሯል፣ ቢሆንም ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ብሎ አሰበ።

«ትናንት ማሽኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰክቼው ረስቼ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ የፈረመችው ለእኔ ብላ ነው።»

ወላጁ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። ነርሷ ብስኩቱን ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ መንገድ ላይ አስቀሩት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ምንህ ናት ብለው ጠየቁት። አክስቴ ናት አለ። በሕፃንነትህ ማን አሳደገህ አሉት። እሷ ናት አለ። ሰብሳቢው ወደ ኋላ ተደግፈው ተነፈሱ፤ ሲያስቸግር የቆየ ሒሳብ የተፈታላቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ላሳደገችው ሲል ጥፋቷን በራሱ ጫንቃ ላይ ጫነው።»

ነርሷ ብስኩቱን አስቀምጠው መሐረብ አወጡ። መምህሩ አይደለም አለ፤ እውነቴን ነው፣ ቁልፉን ከእሷ ተቀብዬ የገባሁት እኔ ነኝ፣ በማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ የተቃጠለው እኮ የእኔ ካርድ ነው አለ። ሰብሳቢው በርኅራኄ አዩት። ካርዱማ ያንተ ይሆናል፣ ከጠረጴዛህ አንሥታ ልትሞክርበት አስገብታው ነው፣ ለዚህም መከላከያ ፈልገህላት መጣህ፣ አይፈረድብህም አሉት። ረግረግ ውስጥ እንደ ገባ ሰው ሆነ፤ በተንፈራገጠ ቁጥር ይብስ ይሰጥማል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፍቅሩ በረታ ተባለ፤ ዝም ሲል ትሕትናው። ሴትዮዋ በገዛ እጇ የፈረመችውን በአፍህ ልታስተባብል አትችልም፣ ፊርማ ፊርማ ነው አሉ ሰብሳቢው፤ ቀጥለውም እስክሪብቷቸውን አንሥተው ወደ ሠንጠረዡ ጎንበስ አሉ። የዚህ መምህር ታሪክ ሕያው ምሳሌ ሆኖ ይግባ፤ ግን በሦስተኛው ወር አይሆንም፣ የተናገረው እውነት አይደለምና። ሰባተኛው ወር ላይ፣ ራስን አሳልፎ መስጠት በሚለው ሥር ይሁን አሉ። ንቡ ተሰርዞ፣ ጉንዳኑ ተሰርዞ፣ መምህሩ ገባ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ነርሷ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ስምንተኛው ወር ይቅርታ አይደለም ወይ፣ ለእሱስ ሰው አላችሁ ወይ አሉ። አልነበረም። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ሰኞ ጠዋት በሰልፉ ላይ ሴትዮዋ በልጆቹ ፊት ወጥታ ጥፋቷን ትናገር፣ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ትምህርት ቤቱም በአደባባይ ይቅር ይበላትና ወደ ሥራዋ ይመልሳት። ልጅ ከሚነገረው የሚያየውን ነው የሚይዘው፣ ደግሞ ወላጆችም ይጠሩ፣ ማዶ ያሉት ገንዳ ይኑራቸው አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። የመምህሩ ቋሚነትም በዚያው አብሮ አለፈ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ተብሎ። ሁሉም በየተራ እጁን ሲጨብጡት እጁ እንደ ጓንት የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማው።

ርዕሰ መምህሯ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። የተረፈውን ክሬም ያለውን ብስኩት በሶፍት ጠቅልላ ይዛለታለች። አላመኑኝም አላት። እሷም ግራና ቀኝ አየችና፣ እኔ አምንሃለሁ፣ ትናንት ከዕቃ ክፍሉ ስትወጣ በመስኮቴ አይቼሃለሁ፣ ታፏጭ ነበር አለችው።

መምህሩ ቆመ። «ታዲያ ለምን አስፈረምሻት?»

«እኔ ነኝ አለች። ምን ልበላት? አይደለሽም ብዬ ልከራከራት?» ብስኩቱን በእጁ አስያዘችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የጽዳት ሠራተኛ እስከ እኩለ ቀን ትገኛለች፣ በሁለት ወር ዘጠኝ በጎነት የሚጽፍ ሰው ግን ከየት አመጣለሁ አለች። ዛሬ ባታቀርበው ቦርዱ ሥራውን አይቀበለውም፣ ቦርዱ ካልተቀበለው ወላጅ ይሄዳል፣ ወላጅ ከሄደ ትምህርት ቤት የለም፤ አሁን ደግሞ ብትደግመው አውቃ ደበቀች ተብዬ እኔም እከተላችኋለሁ፣ ሦስታችንም ወጥተን ማን ተጠቀመ አለችው። ሰኞ ትመለሳለች፣ ከዚህ በላይ ከእኔ አይጠበቅ አለች። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ደግሞ ተመለሰችና፣ የምትናገረውን አንተው ጻፍላት፣ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፣ አንደኛ ክፍሎች የሚገባቸው ቃል ይሁን፣ ሰበብ አታብዛበት አለችው።

ወደ ቤት ሲሄድ ዳቦ ገዛ፤ ዋጋው ከትናንት ጨምሯል፣ ሻጩም የጨመርኩት እኔ አይደለሁም አለው ሳይጠየቅ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ከሥራው ወደ ቤቱ ይጎርፋል፣ እሱም ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ አብሮ ይጎርፋል። ቋሚ የሆነ ቀን ምን እንደሚሰማው ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት እያየ ሲያልመው ኖሯል፤ በሕልሙ ውስጥ ግን አክስቱን ለማየት ያፈረበት ቦታ አልነበረም። ስትሰማ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። በአደባባይ፣ በትንንሽ ልጆች ፊት፣ ስንት ዓመት አፍንጫቸውን በጠረገችላቸው ልጆች ፊት ቁሚ ሲሏት፣ አልቆምም እንድትል ፈለገ። አልቆምም ብትል እሱም አብሯት አልቆምም ይላል፤ ቃላቱን እየመረጠ እስከ በሩ ደረሰ።

አክስቱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ጋዎኑን ለጥበቃው አስረክባ ተመልሳ፣ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስትወለውል እንደ ዋለች ወለሉ ይናገራል። መጋረጃውም ታጥቦ ተሰቅሏል። ብስኩቱን አጠገቧ አስቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ያለውን፣ እንዳላመኑት፣ ርዕሰ መምህሯ በመስኮት ማየቷን፣ የሰኞውን ሰልፍ። አልተቆጣችም። ቢላዋውን አቁማ ሰማችውና እንደገና ቀጠለች። የድንቹ ልጣጭ ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ጋዎኑን ከዚያ በፊት ይስጡኝ። እንዲህ ሆኜ አልወጣም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ግን ፊት ለፊቴ እንዳትቆም። ሳቄ ከመጣ እንደገና ያባርሩኛል።»

እኔ አልጽፈውም፣ ይህማ ውርደት ነው፣ አብረን እንቢ እንበል አላት። የመረጠው ቃል ሁሉ ከአፉ ሲወጣ ቀለለበት። አክስቱ፣ የእንቢታህን ኪራይ አከራዩ ይከፍልልሃል ወይ አለችው፤ ያለ ቁጣ፣ ለማወቅ ያህል። ቀጥላም፣ እኔ ቆሜ ሁለት ቃል ብናገር ምላሴ አይቆረጥም፣ ይልቅ አሳምረህ ጻፈው፣ መነጽሬ ስለተሰነጠቀ አንብብልኝና በቃሌ ልያዘው አለችው።

ወረቀት አወጣና ሁለተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ለዘጠኙ በጎነት ሁለት ወር ፈጅቶበት ነበር፤ እየሰረዘ፣ እያስዋበ፣ ጉንዳንና ንብ እየለመነ። ይህኛው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። አንድም ቃል አልሰረዘም። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ማሽኑን የሰካሁት እኔ ነኝ። በሌላ ነገር ልቤ ተወስዶ ሳላጠፋው ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላሳሳተኝም።» አክስቱ እጇን ሳታቆም ትሰማለች። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ስላደረስኩት ነገር ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አንብቦ ጨረሰ። ቀና ሊል አልቻለም፤ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። አክስቱ የላጠችውን ድንች ውሃው ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሣች።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «አሁን ቀስ ብለህ ድገመው፤ መካከል ላይ ያለውን አልያዝኩትም።»